6፣ 12 ወይስ 24 ሰዓት? ለቡድን የካርታና የኮምፓስ ውድድር አመራረጥ የሚረዳ ንጽጽር

ሮጌይኒንግ በመባል የሚታወቀው ውድድር በሐሳብ ደረጃ ቀላል ነው። ከሁለት እስከ አምስት አባላት ያሉት ቡድን ካርታ ይሰጠዋል፤ በካርታው ላይ በሰፊ የዱር መሬት ውስጥ የተበተኑ ጣቢያዎች ተመልክተዋል፤ እያንዳንዱ ጣቢያ የራሱ ነጥብ አለው፤ ቡድኑም በተወሰነለት ሰዓት ውስጥ የመረጣቸውን ጣቢያዎች በፈለገው ቅደም ተከተል ጎብኝቶ የቻለውን ያህል ነጥብ ይዞ ይመለሳል። ግራ መጋባት የሚመጣው ለመመዝገብ ሲታሰብ ነው። አዘጋጆች የ6፣ የ8፣ የ12፣ የ15 እና የ24 ሰዓት ውድድሮችን ያሰናዳሉ፤ በከተማ ውስጥ የሚካሄድ አጭር ዓይነትም አለ። ከእነዚህ ጎን ለጎን የሁለት ቀን የተራራ ማራቶንና ቀናት የሚፈጀው የአድቬንቸር ውድድር ስለሚገኙ፣ ሁሉም ካርታ የማንበብ ችሎታንና ጠንካራ እግርን የሚጠይቁ በመሆናቸው፣ ለአዲስ ቡድን ልዩነታቸው የሰዓት ብዛት ብቻ መስሎ ይታየዋል።

በሰዓት ብዛት መምረጥ ግን ያሳስታል። አንዱን ውድድር ከሌላው በእርግጥ የሚለየው ስንት ሰዓት በጨለማ እንደሚያልፍ እና የደከመ ቡድን ተመልሶ የሚበላበትና የሚያርፍበት ሰፈር መኖር አለመኖሩ ነው። በእነዚህ ሁለት ነገሮች ሲመዘን፣ ለጀማሪ ቡድን የ24 ሰዓቱ ውድድር ከ12 ሰዓቱ የሚሻልበት ሁኔታ አለ፤ ምክንያቱ ከታች ይብራራል።

መመዘኛዎቹ

የመጀመሪያው መመዘኛ ጨለማ ነው። በቀን ብርሃን መንገድ የሳተ ቡድን ቆም ብሎ ዙሪያውን ቢቃኝ፣ የሚያየውን ሸንተረርና ሸለቆ በካርታው ላይ ካሉት የኮንቱር መስመሮች (እኩል ከፍታ ያላቸውን ቦታዎች ከሚያገናኙት) ጋር አስተያይቶ የት እንዳለ በደቂቃዎች ውስጥ ሊያውቅ ይችላል። በሌሊት የሚታየው ግን የግንባር ባትሪ የሚያበራው ጠባብ ክብ ብቻ ስለሆነ፣ ቡድኑ የሚተማመነው በኮምፓሱ አቅጣጫ፣ በእርምጃ ቆጠራና ከእግሩ ሥር በሚሰማው ዳገትና ቁልቁለት ይሆናል። የአንድ ዲግሪ ስሕተት በአንድ ኪሎ ሜትር ጉዞ 17 ሜትር ያህል ከመስመር ያወጣል፤ አምስት ዲግሪ ሲሆን ወደ 90 ሜትር ይጠጋል፤ የሚፈለገው የጣቢያው ምልክት ደግሞ ጎኑ 30 ሳንቲ ሜትር ያህል የሆነ ነጭና ብርቱካናማ ጨርቅ ነው። በቀን ይህን ያህል የሳተ ቡድን ጨርቁን ከሩቅ አይቶ ያስተካክላል፤ በሌሊት አጠገቡ ያልፋል።

ስለዚህ የውድድሩ ርዝመት ሲጠየቅ የተካሄደበት ወርና ቦታም አብሮ መጠየቅ አለበት። እ.ኤ.አ. በ2015 በሰሜን ፊንላንድ ሳሪሴልካ በነሐሴ ወር የተደረገው የዓለም ሻምፒዮና ከአርክቲክ ክበብ በላይ በሆነ ስፍራ ስለነበር ድንግዝግዙ ረጅም፣ ድቅድቁ ጨለማ ግን የጥቂት ሰዓታት ነበር። በዓመቱ በ2016 በአውስትራሊያ አሊስ ስፕሪንግስ አካባቢ የተደረገው ሻምፒዮና በዚያ ምድር የቅዝቃዜ ወራት፣ በሐምሌ፣ ስለተካሄደ ከፀሐይ መጥለቅ እስከ መውጣት 13 ሰዓት ያህል ነበር። ሁለቱም የ24 ሰዓት ውድድሮች ናቸው፤ ከተወዳዳሪው የሚጠይቁት ችሎታ ግን አንድ አይደለም።

ሁለተኛው መመዘኛ የቡድኑ ዘገምተኛ አባል ነው። የሮጌይኒንግ ደንብ የቡድን አባላት ድምፅ ለድምፅ ከሚሰማሙበት ርቀት እንዳይወጡና እያንዳንዱ ጣቢያ ላይ ሁሉም እንዲገኙ ያስገድዳል። አንድ ፈጣን ሯጭ ወደ ኮረብታው ሮጦ ምልክቱን ነክቶ የሚመለስበት፣ ሌሎቹ ከታች የሚጠብቁበት አሠራር የተከለከለ ነው። በዚህ ምክንያት የቡድኑ ፍጥነት የአማካዩ አባል ሳይሆን የመጨረሻው አባል ፍጥነት ነው፤ ውድድሩ በረዘመ ቁጥርም የመጨረሻው አባል ማን እንደሆነ ይለዋወጣል። በመጀመሪያዎቹ ስድስት ሰዓታት ሁሉንም የሚመራው ሰው ከሌሊቱ እኩሌታ በኋላ እግሩ ተልጦ ወይም ሆዱ ተበላሽቶ ኋላ ሊቀር ይችላል።

ሦስተኛው መንገድን የመምረጥ ነጻነት ነው። በነጥብ በሚወዳደሩበት ውድድር ደካማ ቡድን ትንሽ ዙር መርጦ ሙሉ ተሳታፊ ሆኖ ይጨርሳል፤ መስመሩ አስቀድሞ በተወሰነበት ውድድር ግን ያው ቡድን ከሰዓት ገደብ ውጭ ሆኖ ይሰረዛል። አራተኛው ሸክምና ወጪ ነው፤ ከምዝገባው ክፍያ ይልቅ የሚከብደው የመሣሪያው ግዢ መሆኑን ልብ ማለት ያስፈልጋል። አምስተኛው ማቋረጥ ሲያስፈልግ የሚከተለው ነገር ነው፦ ቡድኑ በስንት ሰዓት ጉዞ ወደ ሙቀትና ወደ ምግብ ሊመለስ ይችላል? ይህን ጥያቄ ከምዝገባ በፊት የሚያነሱት ጥቂቶች ናቸው።

በከተማና በከተማ ዳርቻ የሚካሄደው አጭር ውድድር

ብዙውን ጊዜ ከሦስት እስከ ስድስት ሰዓት የሚፈጅ ሲሆን፣ ጣቢያዎቹ በመናፈሻዎች፣ በወንዝ ዳርና በመንገዶች ላይ ይቀመጣሉ። የመንገድ ምርጫንና የሰዓት አጠቃቀምን ለመለማመድ ጥሩ ነው። የዱር መሬትን ለማንበብ ግን ምንም አያስተምርም፤ የጎዳና ማዕዘን የለመደ ዓይን የኮንቱር መስመርን በራሱ አይማርም። ለሙከራ ያህል ገብቶ ማለፍ ይበቃል።

የ6 እና የ8 ሰዓት ውድድር

በዱር መሬት ላይ ለሚጀምር ቡድን የተለመደው መግቢያ ይህ ነው። ጠዋት ተጀምሮ ከጨለማ በፊት ስለሚያልቅ የሌሊት ችሎታ አይጠይቅም፤ ሸክሙ ውኃ፣ ምግብ፣ የዝናብ ልብስ፣ የመጀመሪያ እርዳታ መስጫና ፊሽካ ብቻ ነው፤ ከቤት የሚያርቀውም አንድ ቀን ነው። ደካማ ጎኑ ለስሕተት ቦታ አለመስጠቱ ነው። አንድ ጣቢያ ፍለጋ አንድ ሰዓት ያባከነ ቡድን ከጠቅላላ ጊዜው አንድ ስድስተኛውን አጥቷል፤ በዚህም የተነሣ አጭሩ ውድድር በፈጣን ሯጮች የሚሞላ ሲሆን፣ ተራማጅ ቡድን በውጤት ሰንጠረዡ ታች ራሱን ቢያገኝ ሊገርመው አይገባም። እርሱም ቢሆን ለመማር የመጣ ከሆነ የሚጎዳው ነገር የለም።

በዚህ ርዝመት ላይ አንድ ስሌት ማወቅ ይጠቅማል። ስኮትላንዳዊው ተራራ ወጪ ዊልያም ናይስሚዝ እ.ኤ.አ. በ1892 ያወጣው መምሪያ በሜትር ሲመነዘር ለእያንዳንዱ 5 ኪሎ ሜትር አንድ ሰዓት፣ በተጨማሪም ለእያንዳንዱ 600 ሜትር ከፍታ አንድ ሰዓት ይመድባል። 15 ኪሎ ሜትር ርዝመትና 900 ሜትር ድምር ዳገት ያለው ዙር በዚህ ስሌት አራት ሰዓት ተኩል ይወስዳል። መምሪያው የተሠራው ጥሩ አቅም ላለው ሰው ስለሆነና ምልክት ለመፈለግ የሚያልፈውን ጊዜ ስለማይቆጥር፣ ጥቅጥቅ ባለ ቁጥቋጦ ውስጥ የሚሄድ ቡድን እንደ ዝቅተኛ ግምት እንጂ እንደ ዕቅድ ሊወስደው አይገባም።

የ12 እና የ15 ሰዓት ውድድር

ይህ መካከለኛ አማራጭ በማስታወቂያ ላይ ምክንያታዊ መስሎ ይታያል፦ ከ6 ሰዓት የተሻገረ፣ 24 ሰዓት ያልደረሰ። ሆኖም ከሁሉም ይልቅ መመርመር ያለበት እርሱ ነው፤ ምክንያቱም ባሕርዩ ሙሉ በሙሉ በመነሻው ሰዓት ላይ ይንጠለጠላል። ማለዳ ተጀምሮ ማምሻ ላይ የሚያልቅ የ12 ሰዓት ውድድር ረጅም የቀን ጉዞ ነው፤ የሌሊት ድርሻው የመጨረሻዋ አንድ ሰዓት ብትሆን ነው። እኩለ ቀን ላይ ተጀምሮ እኩለ ሌሊት የሚያልቀው ደግሞ የተለየ ነገር ነው፦ ግማሹ ጨለማ ነው፤ ጨለማውም የሚመጣው ቡድኑ በደከመበት፣ ለመመለስ በሚጣደፍበት በሁለተኛው ግማሽ ነው።

ከዚህ ላይ የሰፈሩ ጥቅም መቀነሱ ይጨመራል። በ12 ሰዓት ውስጥ ተመልሶ መብላትና መተኛት ከጊዜው ብዙ ስለሚወስድ፣ ቡድኖች ሳያርፉ ለመጨረስ ይገፋፋሉ። ካበቃም በኋላ ሌላ አደጋ ይጠብቃል፤ እኩለ ሌሊት ላይ ተዳክሞ የደረሰ ሰው መኪና እየነዳ ወደ ቤቱ መመለሱ ከዱሩ ጉዞ ይልቅ የሚያሳስብ ነገር ነው። ይህን ዓይነት ውድድር የሚመርጥ ቡድን በሰፈሩ የሚያድርበትን ድንኳን ይዞ መሄድ አለበት። የሌሊት አቅጣጫ አያያዝን ለሚያውቅና የ24 ሰዓቱን ድካም ለማይፈልግ ቡድን ግን ከዚህ የሚስማማ አይገኝም።

የ24 ሰዓት ውድድር

የስፖርቱ ዋና ቅርጽ ይህ ነው። የሜልቦርን ዩኒቨርሲቲ የተራራ ክበብ እ.ኤ.አ. ከ1947 ጀምሮ ያካሂድ ከነበረው የ24 ሰዓት የእግር ጉዞ በመነሣት እ.ኤ.አ. በ1976 በአውስትራሊያ ቪክቶሪያ ግዛት ስሙንና ደንቡን ያገኘ ሲሆን፣ የመጀመሪያው የዓለም ሻምፒዮናም በዚያው ግዛት በ1992 ተካሂዷል። የዓለም ሻምፒዮናው እስከ ዛሬ በ24 ሰዓት ነው የሚለካው።

አካሄዱን በዝርዝር ማየት ይገባል፤ ምክንያቱም አዲስ ሰው በሩቁ የሚፈራው በአብዛኛው ይህን ሳያውቅ ነው። ውድድሩ ብዙውን ጊዜ እኩለ ቀን ላይ ይጀምርና በማግስቱ እኩለ ቀን ያበቃል። ካርታው ከመነሻው ሁለት ወይም ሦስት ሰዓት ቀደም ብሎ ይታደላል፤ ቡድኖችም መሬት ላይ ዘርግተውት በክር ርቀት እየለኩ መንገዳቸውን ያቅዳሉ። በብዙ ውድድሮች የጣቢያው ቁጥር የመጀመሪያ አሃዝ ነጥቡን ያሳያል፤ ቁጥር 87 የሆነው ጣቢያ 80 ነጥብ አለው ማለት ነው። ሩቅና አስቸጋሪ የሆኑት ከፍ ያለ ነጥብ ይይዛሉ። ውኃ የሚገኝባቸው ቦታዎች በካርታው ላይ ምልክት ይደረግባቸዋል። በካርታና በኮምፓስ ብቻ ስለሚኬድ ጂፒኤስ፣ የከፍታ መለኪያና የርቀት መለኪያ አይፈቀዱም፤ ምግብ ወይም ዕቃ አስቀድሞ በዱር ውስጥ ማስቀመጥም ክልክል ነው።

የዚህ ውድድር ልዩ ጸጋ በስፖርቱ ሰዎች አጠራር «ሃሽ ሀውስ» የሚባለው ማዕከላዊ ሰፈር ነው። በሰፈሩ ትኩስ ምግብ ይቀርባል፣ እሳት ይነዳል፣ ድንኳን ይተከላል፤ ቡድኑም በፈለገው ሰዓት ገብቶ፣ በልቶና ተኝቶ እንደገና ሊወጣ ይችላል። አስፈሪ የሚመስለውን 24 ሰዓት ለማንኛውም ጤነኛ ተጓዥ የሚቻል የሚያደርገው ይህ ነው። ሌሊቱን የፈራ ቡድን ከሰዓት በኋላ ስድስት ሰዓት ሄዶ፣ አምሽቶ ተመልሶ፣ ሌሊቱን ተኝቶ፣ ከንጋት በኋላ ሌላ አምስት ሰዓት ሊሄድ ይችላል። እንዲህ ያለው ቡድን ሁለት የቀን ውድድሮችን በአንድ ምዝገባ አገኘ ማለት ነው፤ እኩለ ቀን የሚጀምረው የ12 ሰዓት ውድድር ይህን አይሰጠውም።

በተግባር ሦስት የሌሊት ዕቅዶች አሉ። አንደኛው ከላይ የተገለጸው፣ ሌሊቱን ሙሉ መተኛት ነው። ሁለተኛው ሌሊቱን ከፍሎ መጠቀም ሲሆን፣ ቡድኑ ሲመሽ ሰፈር ገብቶ ይበላል፣ ሙቅ ልብስ ይለብሳል፣ ባትሪ ይለውጣል፤ ከዚያም የመኪና መንገድን፣ አጥርን ወይም ግልጽ የጅረት መስመርን ተከትሎ ሊደረስባቸው በሚችሉ ጣቢያዎች ላይ ከሦስት እስከ አራት ሰዓት አጭር ዙር አድርጎ ይመለስና እስከ ንጋት ይተኛል። ሦስተኛው ሰፈሩን ሳይረግጡ ሌሊቱን ሙሉ መሄድ ነው። አሸናፊዎች የሚወጡት ከሦስተኛው ነው፤ የዋናዎቹ ቡድኖች ጉዞ ከ100 ኪሎ ሜትር ሊያልፍ ይችላል። ለሌሎቹ ሁሉ ሁለተኛው የሚሻል ይመስለኛል፤ ምክንያቱም ከእኩለ ሌሊት እስከ ንጋት ያለው ጊዜ አእምሮ የሚደነዝዝበት፣ ግልጽ የሆነ ሸለቆ ከሌላው ጋር የሚምታታበት በመሆኑ፣ በእነዚያ ሰዓታት የሚገኘው ነጥብ ከሚያስከፍለው ድካም ጋር አይመጣጠንም። ሁለት ሰዓት የተኛ ቡድን በንጋት የሚሰበስበው ነጥብ የእንቅልፉን ኪሳራ ብዙውን ጊዜ ይክሳል።

ማንኛውም ዕቅድ ቢመረጥ የመጨረሻዎቹ ሁለት ሰዓታት በጥንቃቄ መታቀድ አለባቸው። በዓለም አቀፉ ደንብ መሠረት ዘግይቶ የገባ ቡድን ለእያንዳንዱ ደቂቃ ወይም ለደቂቃው ክፍልፋይ 10 ነጥብ ይቀነስበታል፤ ከ30 ደቂቃ በላይ ከዘገየ ውጤቱ በሙሉ ይሰረዛል። ስምንት ደቂቃ መዘግየት አንድ ሩቅ ጣቢያ እንዳልተጎበኘ ይቆጠራል ማለት ነው። ስለዚህ ልምድ ያላቸው ቡድኖች ሩቆቹን ጣቢያዎች በመጀመሪያው ከሰዓት በኋላ ጨርሰው፣ በሰፈሩ አቅራቢያ ተቀራርበው የሚገኙትን ዝቅተኛ ነጥብ ያላቸውን ጣቢያዎች ለመጨረሻ ያቆያሉ፤ ጊዜ ከተረፈ አንድ ይጨምራሉ፣ ካጠረ አንድ ይተዋሉ። ሁለት ቡድኖች እኩል ነጥብ ካመጡ ቀድሞ የገባው ያሸንፋል።

መሬቱም እንደ ሰዓቱ ይለያያል። በአውስትራሊያ መካከለኛ በረሃማ ምድር ስፒኒፌክስ የሚባለው ሹል ሣር እግርን ስለሚወጋ የቅልጥም መከላከያ ግዴታ ያህል ነው፤ በእባብ መነደፍ በሚያሰጋበት አገር ደግሞ እያንዳንዱ ቡድን ሰፊ የመጠቅለያ ፋሻ መያዙና አጠቃቀሙን ማወቁ ይጠበቃል። በካርታው ላይ በሰማያዊ የተሰመረ ጅረት ውኃ አለው ተብሎ አይታመንም፤ በደረቅ አገር አብዛኞቹ የዓመቱን ብዙ ክፍል አሸዋ ብቻ ናቸው።

የሁለት ቀን የተራራ ማራቶን

በብሪታንያ እ.ኤ.አ. በ1968 የተጀመረው ይህ ዓይነት ውድድር በአብዛኛው ጥንዶችን ያሳትፋል። ሁለቱ ተወዳዳሪዎች ድንኳን፣ የመኝታ ከረጢት፣ ምድጃና የሁለት ቀን ምግብ በጀርባቸው ተሸክመው የመጀመሪያውን ቀን ይሄዳሉ፣ በመካከለኛው ሰፈር ያድራሉ፣ በማግስቱም ይመለሳሉ። የሚወዳደሩት ዋናውን ጉዞ በቀን ብርሃን ስለሆነ የሌሊት አቅጣጫ አያያዝ የሚጠይቀው ጥቂት ነው፤ የሚያስጨንቀው ሸክሙና የአየር ጠባዩ ነው። በአንዳንዶቹ ምድቦች ጣቢያዎች በቅደም ተከተል ይጎበኛሉ፤ በነጥብ የሚቆጠርባቸው ምድቦችም አሉ፤ ጀማሪ የኋለኞቹን ቢመርጥ ይሻለዋል።

በወጪ በኩል ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ቀላል ድንኳንና ቀላል የመኝታ ከረጢት ውድ ናቸው፤ ከባዱን የያዘ ሰው ደግሞ ቅጣቱን በእያንዳንዱ ዳገት ይከፍላል። ከሁሉም በላይ በመካከለኛው ሰፈር ትኩስ ምግብና እሳት አይጠብቅም፤ የረጠበ ቡድን እንደረጠበ ያድራል። ሰፈር ስላለው ብቻ ከ24 ሰዓቱ ሮጌይን ጋር አንድ አድርጎ ማየት የተለመደ ስሕተት ነው።

የአድቬንቸር ውድድር

በእግር፣ በብስክሌት፣ በካያክና በገመድ የሚካሄድ የተቀላቀለ ውድድር ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ1989 በኒውዚላንድ ከተካሄደው ሬይድ ጎሉዋዝ ወዲህ በዘመናዊ ቅርጹ ተስፋፍቷል። ረጃጅሞቹ ቀናትና ሌሊቶች ያለማቋረጥ ይቀጥላሉ፤ ቡድኑ በአብዛኛው አራት ሰው ሆኖ ወንዶችንና ሴቶችን ያቀላቅላል። መስመሩ የተወሰነ ስለሆነ ደካማ ቡድን የሚያሳጥረው ነገር የለውም፤ የሰዓት ገደቡን ካላሟላ ወደ አጭር መስመር ይዛወራል ወይም ይወጣል። ብስክሌቱ፣ የካያክ ዕቃው፣ የገመድ መሣሪያውና ዕቃ የሚያጓጉዘው መኪና ሲደመሩ ከዚህ መመሪያ አማራጮች ሁሉ ውዱ ይህ ነው። አስቀድሞ ቢያንስ አንድ የ24 ሰዓት ሮጌይን አብሮ ያልጨረሰ ቡድን እንዲመዘገብበት አልመክርም፤ ችግሩ የሚገለጠው ሁለተኛው ሌሊት ላይ ነው፤ ያኔ ደግሞ ከቡድን ጓደኛ ጋር ለመተዋወቅ ጊዜው ያልፋል።

ንጽጽሩ በሰንጠረዥ

| አማራጭ | የጨለማ ድርሻ | መንገድ የመምረጥ ነጻነት | ሸክምና የመሣሪያ ወጪ | ለማቋረጥ |
|---|---|---|---|---|
| የከተማ አጭር ውድድር | በአብዛኛው የለም | ሙሉ | በጣም ዝቅተኛ | በጣም ቀላል |
| የ6 እና የ8 ሰዓት | በአብዛኛው የለም | ሙሉ | ዝቅተኛ | ቀላል |
| የ12 እና የ15 ሰዓት | እንደ መነሻው ሰዓት ከጥቂት እስከ ግማሽ | ሙሉ | መካከለኛ | መካከለኛ፤ በሌሊት ይከብዳል |
| የ24 ሰዓት | እንደ ቦታውና እንደ ወሩ፤ በመተኛት ሊቀነስ ይችላል | ሙሉ | መካከለኛ | ቀላል፤ ሰፈር መድረስ ብቻ ይበቃል |
| የተራራ ማራቶን | በውድድር ሰዓት ጥቂት | እንደ ምድቡ | ከፍተኛ | ከባድ፤ ሁሉም ዕቃ በጀርባ ነው |
| የአድቬንቸር ውድድር | ብዙ ሌሊቶች | ጥቂት | እጅግ ከፍተኛ | በጣም ከባድ |

ለማን የትኛው?

ካርታ ማንበብን ገና ለሚማር ቡድን በቀን የሚያልቅ የ6 ሰዓት ውድድር ይበቃዋል። በዚያ ውስጥ ዓላማው ነጥብ ሳይሆን ሦስት ልማዶችን መያዝ ቢሆን ይመረጣል፦ ካርታውን ሁልጊዜ ከመሬቱ ጋር ማቅናት፣ ወደ ጣቢያው ከመግባት በፊት በቀላሉ የሚታወቅ የጅረት መገናኛ ወይም ጉብታ እንደ መነሻ መያዝ፣ እንዲሁም ጣቢያውን ካለፉ የሚያስቆማቸውን መንገድ ወይም ሸለቆ አስቀድሞ መለየት። እነዚህ ሦስቱ በቀን ካልተለመዱ በሌሊት አይገኙም።

ረጅም ጉዞ የሚችል፣ ሌሊት ግን ያልሞከረ ቡድን 12 ሰዓቱን ዘሎ የ24 ሰዓቱን ቢመርጥና ሌሊቱን ከፍሎ ለመጠቀም ቢያቅድ ይሻለዋል፤ ሌሊቱን አንድ ሰዓት ሞክሮት ካልሆነለት ወደ ሰፈር መመለስ ይችላል። የሌሊት ልምድ ያለው፣ ቅዳሜና እሑድን በሙሉ መስጠት የማይችል ቡድን ደግሞ ከሰዓት በኋላ የሚጀምረውን 12 ሰዓት ቢወስድ አይቆጭም። ልጆች ያሉት ቤተሰብ ከ6 ሰዓቱና ከ24 ሰዓቱ አንዱን ይምረጥ፤ መካከለኛው ለልጆች አይመችም፤ አልጋ በሚያስፈልግበት ሰዓት አልጋ የለውምና።

በዕድሜ ምድብ መወዳደር የሚፈልጉ ሰዎች ምድቡ የሚወሰነው በመላው ቡድን መሆኑን አስቀድመው ይወቁ። በ40 ዓመት የሚጀምረው የአንጋፋዎች ምድብ፣ በ55 እና በ65 የሚጀምሩት ከፍተኛ ምድቦችም ሁሉም አባላት ዕድሜውን እንዲያሟሉ ይጠይቃሉ፤ አንድ ወጣት የጨመረ ቡድን ወደ አጠቃላይ ምድብ ይዛወራል።

በጀቱ ጠባብ የሆነ ቡድን ገንዘቡን በሚከተለው ቅደም ተከተል ቢያወጣ ያዋጣዋል። መጀመሪያ የለመደ ጫማ፤ አዲስ ጫማ በውድድር ቀን መሞከር የለበትም። ቀጥሎ የግንባር ባትሪ፤ ሌሊት ለሚሄድ ቡድን እያንዳንዱ አባል የራሱን ሊይዝ ይገባል፣ ትርፍ የባትሪ ድንጋይም አይቀርም። ሦስተኛ ኮምፓስ። ኮምፓስ ሲገዛ መርፌው ለየትኛው የምድር ክፍል እንደተመዘነ መጠየቅ ያስፈልጋል፤ ለሰሜኑ ንፍቀ ክበብ የተሠራ መርፌ በአውስትራሊያ ወይም በኒውዚላንድ አንድ ጫፉ ወደ ታች ስለሚያዘነብል ይጎተታል። የውድድር ካርታዎች ብዙውን ጊዜ በማግኔት ሰሜን (የኮምፓስ መርፌ በሚያመለክተው ሰሜን) መስመሮች ስለሚታተሙ ማካካሻ አይፈልጉም፤ በተራ የመሬት ካርታ የሚለማመድ ሰው ግን በካርታው ሰሜንና በማግኔት ሰሜን መካከል ያለውን ልዩነት ማስላት አለበት፤ በምሥራቅ አውስትራሊያ እንዳለው 11 ዲግሪ ያህል የሆነ ልዩነት ቢረሳ በአንድ ኪሎ ሜትር ውስጥ ከ190 ሜትር በላይ ያስታል። ውድ ቦርሳና ልዩ ልብስ ከእነዚህ ሁሉ በኋላ ይምጣ።

የቡድን ብዛት

ውድድሩ ከተመረጠ በኋላ የሚቀረው ከባድ ውሳኔ የሰው ብዛት ነው። ሁለት ሰው ፈጣን ነው፤ ውሳኔው አጭር ነው፣ ለመብላትም ለመጠጣትም የሚቆመው ጊዜ ያንሳል። ነገር ግን አንዱ ቢጎዳ ሌላው ወይ አብሮት ይቆያል ወይ ብቻውን ጥሎት እርዳታ ፍለጋ ይሄዳል። ሦስት ሰው ሲሆን አንዱ ከተጎዳው ጋር ይቀራል፣ አንዱ ይሄዳል፤ ካርታውንም አንዱ ሲይዝ ሌላው እርምጃ እየቆጠረ ሊያረጋግጥለት ይችላል። ሩቅና አስቸጋሪ መሬት ላይ፣ በተለይም በሌሊት፣ ሦስት ሰው ከሁሉ የሚመረጠው በዚህ ምክንያት ነው። አራትና አምስት ሰው ለወዳጆች ጉዞ ያምራል፤ በውድድር ግን በየጣቢያው የሚጠበቅ ሰው አይጠፋም።

በሁሉም አማራጮች ላይ የሚያስቸግረው በአንድ ቡድን ውስጥ የተለያየ ፍላጎት መኖሩ ነው። ሁለቱ ለማሸነፍ፣ ሁለቱ ደግሞ ለመተኛት የሚፈልጉ ከሆነ፣ በ24 ሰዓት ውድድር መካከል መለያየት አይችሉም፤ አንድ አባል ማቋረጥ ቢፈልግ መላው ቡድን ወደ ሰፈር ተመልሶ ማሳወቅ አለበት፣ የቀሩትም በአዲስ ቡድንነት የሚቀጥሉት አዘጋጁ ከፈቀደ ብቻ ነው። ስለዚህ ጥያቄው ከምዝገባው በፊት ተነሥቶ መልሱ ካልተስማማ፣ አራቱ ሰዎች ሁለት ሁለት ሆነው በሁለት ቡድን ይመዝገቡ፤ ደንቡ ይህን ይፈቅዳል፣ ምሽት ላይም በሰፈሩ አብረው ሊበሉ ይችላሉ።